የአምለሰት ድስት

አምለሰት በሩን ቆልፋ ደረጃውን ከወረደች በኋላ ምሳ ዕቃዋን ልታመጣ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። ሁለቱንም ጊዜ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ቁልፉን ሳታስገባ ተመልሳ ወረደች። ባሏ ሚልኬሳ ጃንጥላ ይዞ ከታች ሆኖ ያያት ነበር።

«ተይው አልኩሽ እኮ» አላት። «ፍሮምሳ ሁሉም ነገር ከሩዝ ነው ብሏል። ዛሬ እንኳ እንደ ሰው አብረን እንብላ።»

«እንደ ሰው» ያላት ነገር ወጋ አደረጋት። ወሰን ላይ ታክሲ ሲሳፈሩ፣ መገናኛ ላይ ሲቀይሩ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ዳገቱን ሲያያዙት ሁሉ እጇ ከሹራቧ ሥር ሆዷ ላይ ነበር። ሦስት ወር ከሁለት ሳምንት ሆኗታል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሦስት ወር ሳይሞላቸው ጠፍተውባታል። የፊተኞቹን ገና በሳምንቱ ለዘመድ አዝማድ አብስራ ነበር፤ እንኳን ደስ ያለሽ ያሏት ሰዎች ተመልሰው እግዜር ያጽናሽ ሊሉ ሲመጡ ዓይናቸውን ማየት አቃታት። ስለዚህ የአሁኑን ከሚልኬሳና ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ የለም። ሆዷ ራሱ ገፍቶ እስኪናገር ድረስ እሷ አትናገርም።

የሆድ ሕመሟና የደም ማነሷ ምክንያት የታወቀው ዓምና ነው። ሐኪሙ ሲሊያክ የሚባል በሽታ ነው አላት፤ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ግሉተን የሚሉት ነገር አንጀቷን ሲያቆስል ኖሯል። «ጽንሶቹም የጠፉት በዚሁ ሰበብ ሊሆን ይችላል» አለ። ይህች «ሊሆን ይችላል» ከዚያ ቀን ጀምሮ አብራት ትተኛለች፣ አብራት ትነሣለች። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፤ መድኃኒቱ አለመብላት ነው። «አንዴ ተሳስተሽ ብትቀምሺ ዓለም አያልቅም፤ የሚጎዳሽ መደጋገሙ ነው» ብሏት ነበር። እሷ ግን ይዛ የወጣችው የኋለኛዋን ቃል ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጤፉን ራሷ ትለቅማለች፤ ስንዴ የማያልፍበት ወፍጮ ፍለጋ ግማሽ ከተማ ታቋርጣለች። የሱቅ እንጀራ ምን እንደተቀላቀለበት ጋጋሪዋና ፈጣሪ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። በምታስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ለቅሶ ቤትም ሆነ ሰርግ ቤት ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ ትሄዳለች። ሰው ቅብጠት ነው አለ። ሰው ምን የማይለው አለ! በፋሲካ ዕለት አማቶቿ ቤት ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት ግን አማቷ አቶ ነገሳ የቆረሱትን እንጀራ መልሰው አስቀመጡና «የእኔ ቤት እህል መርዝ አለው እንዴ?» ብለው ከማዕዱ ተነሡ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ።

በዚህ ነገር የሚልኬሳ እጅ አለበት። እሱ ወሰን ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቀጭን ሽቦ ከቀጭን ሽቦ ሲለይ እጁ አይንቀጠቀጥም። አባቱ ፊት ቆሞ «ገብስ» የምትለዋን ቃል ማውጣት ግን አቃተው። አቶ ነገሳ ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት እንጦጦ ጀርባ ገብስ ሲዘሩ የኖሩ ገበሬ ናቸው። አሁን የቀረቻቸው ከጓሮ ያለች የአልጋ ልብስ የምታህል መሬት ነች፤ እሷንም በየዓመቱ ገብስ ይዘሩባታል። «የእህል ንጉሥ ገብስ ነው» ሳይሉ ከማዕድ ተነሥተው አያውቁም። እና ሚልኬሳ ለወላጆቹ «ስንዴ አይስማማትም» አለና በዚያው አበቃ። ንጉሡን ሳይከስ ወታደሩን ብቻ ከሰሰ ማለት ነው። አምለሰትም ዝም አለች፤ ከማስረዳት ይልቅ ምሳ ዕቃ መያዝ ይቀላል ብላ።

የሚልኬሳ ታናሽ ወንድም ፍሮምሳ ከቬትናም ከተመለሰ ገና አሥር ቀኑ ነው። ሃኖይ ሁለት ዓመት ስለ ሩዝ እርሻ ሲማር ቆይቷል። የፋሲካውን ጠብ ሲሰማ «እኔ የቬትናም ምግብ ልሥራ» አለ። «አብዛኛው ከሩዝ ነው። አምለሰት ከእኛ ጋር፣ ከእኛው ሳህን ትብላ።» የሐዋርያት ጾም በተፈታ በመጀመሪያው እሑድ ተቀጠሩ።

ከራጉኤል ቁልቁል ያለው የአማቶቿ ግቢ ሲደርሱ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። መብራት ጠፍቷል። የሚልኬሳ እናት ወይዘሮ አባይነሽ በሩ ላይ ተቀበሏት፤ ጉንጯን አገላብጠው ስመው፣ ትንሽ ራቅ ብለው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። አምለሰት እጇን ከሹራቧ ሥር ቶሎ አወጣች።

«ከስተሻል ልጄ» አሏት።

«ደህና ነኝ፣ እማማ።»

ከዚያ ቀጥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ፍሮምሳ ሽርጥ አስሮ ሽንኩርትና ዝንጅብል በከሰል ላይ ይጠብሳል። የበሬ አጥንት ከሌሊት ጀምሮ የተቀቀለበት ትልቅ ብረት ድስት ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል። መደርደሪያው ላይ ከሻንጣ የወጡ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። አምለሰት ሰላም ሳትለው ነው ጠርሙሶቹን ማንሣት የጀመረችው። የቬትናሞች ጽሑፍ የላቲን ፊደል ስለሆነ ይነበባል፤ ሌሊቱን ስልኳ ላይ ስትፈልግ አድራ ስንዴ በቋንቋቸው «ሉዋ ሚ» እንደሚባል ይዛ መጥታለች። የመጀመሪያው ጠርሙስ የዓሣ መረቅ ነው፤ ዓሣ፣ ጨው፣ ስኳር። ሁለተኛው ጥቁር ሶያ ሶስ ነው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ «ሉዋ ሚ» ይላል። 

«ፍሮምሳ! ይሄ ስንዴ አለበት!»

«አውቃለሁ አምሌ» አለ ሳቅ ብሎ። «እሱ ለእነሱ ነው፤ አንቺ ጋ አይደርስም። ነይ እዪ።»

ጥግ ላይ፣ ሌላ ትንሽ ምድጃ ላይ አረንጓዴ ክዳን ያላት ድስት ተጥዳለች። «ይቺ የአንቺ ናት። ትላንት ነው የገዛኋት፤ ጭልፋዋም አዲስ ነው። መረቁን ምንም ሳይነካው ቀድቼ ለይቼልሻለሁ። አዮንም ስንዴ ያለበት ነገር አጠገቧ እንዳይደርስ ብያታለሁ።» አዮ የሚላት እናቱን ነው።

አምለሰት አፈረች። የሰውን ልጅ ጓዳ እንደ ፖሊስ መፈተሽ ምን ይባላል? ቢሆንም ክዳኑን ከፍታ አየች። መረቁ እንደ ሻይ የጠራ ነው፤ የድስቷ ቂጥ ይታያል። ጭልፋውን አገላበጠችው። ኑድሉ የታሸገበትን ላስቲክ አነበበች፤ ሩዝና ውኃ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና እንደገና አነበበችው። ከዚያ ወዲያ የምትፈትሸው ነገር ጠፋ። ትንፋሿን ለቀቅ አደረገች፤ ያቺን ድስት ግን እዚያው ቆማ ብትጠብቃት በወደደች።

ወይዘሮ አባይነሽ ከኋላዋ መጥተው ክንዷን ያዙ።

«ውጪ ከዚህ፤ ጭሱ አይበጅሽም። ግቢና ተቀመጪ።»

«ላግዘው ብዬ ነው እማማ።»

«እኔ አለሁ አይደል? አንተም ፍሮምሳ፣ ያንን ቅጠልህን ከጓሮ ቶሎ ቆርጠህ አምጣ፤ ዝናቡ ሳይብስ።»

ምራት አማቷን እምቢ አትልም። አምለሰት ሳሎን ገብታ አቶ ነገሳ አጠገብ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ግን በማድ ቤቱ በር ላይ ቀረ። ከተቀመጠችበት የሚታያት የወይዘሮ አባይነሽ ጀርባ ብቻ ነው። ሲያጎነብሱ፣ ቀና ሲሉ፣ ከመደርደሪያ አንድ ነገር ሲያወርዱ ታያለች። ምን ይሆን? ጨው ነው። ጨው ይሆናል። የጨው ዕቃው ስንዴ የነካ እጅ ገብቶበት ቢሆንስ? ልትነሣ ስትል አቶ ነገሳ ማውራት ጀመሩ። ከፋሲካ ወዲህ በራሳቸው ፈቃድ ሲያናግሯት የመጀመሪያቸው ነው፤ እንዴት ትነሣ?

«ይኸው የገብስ ልጅ ሩዝ ተምሮ መጣልሽ» አሉ። «አንቺማ የፎገራ ልጅ ነሽ፤ ሩዝ ታውቂያለሽ። እነዚህ ሰዎች ያንን ሁሉ ጦርነት ያሸነፉት ሩዝ እየበሉ ነው ይለኛል። ገብስ ቢኖራቸው ኖሮ በሦስት ቀን ይጨርሱት ነበር!»

ሁሉም ሳቁ። አምለሰትም ሳቀች፤ ከልቧ ግን አልነበረም።

ምሳው ቀረበ። እጅ ታጠቡ፣ አቶ ነገሳ ባረኩ። ዝናቡ ቤቱን ስላጨለመው በመስኮቱ በምትገባው ብርሃን ነበር የሚበሉት። ፍሮምሳ የሌላውን ሰው ጎድጓዳ ሳህን ሞላ፤ የአምለሰትን ግን ወይዘሮ አባይነሽ ራሳቸው ከአረንጓዴዋ ድስት ቀድተው፣ ሥጋውን አብዝተው፣ ናናና በሶብላ በትነው በሁለት እጃቸው አቀረቡላት። መሐል ላይ ከሩዝ የተሠራ፣ ወረቀት የመሰለ ስስ ቂጣ ተቀምጧል፤ ውኃ ነክሮ ቅጠልና ሥጋ ይጠቀለልበታል። አቶ ነገሳ የመብያዎቹን እንጨቶች አገላብጠው አዩና «ይሄ ለጥርስ ነው?» ብለው ማንኪያ አስመጡ።

አምለሰት ፍሮምሳን አየችው፤ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀላት። ማንኪያዋን ነከረች። የመጀመሪያውን ምላሷ ላይ አቆይታ ዋጠችው። ሁለተኛው ሞቀ። ሦስተኛው ጣፈጠ። በቀረፋውና በዝንጅብሉ መሐል የሆነ የምታውቀው፣ ለስለስ ያለ የቤት ጣዕም አለ፤ ከየት እንደምታውቀው ግን አልመጣላትም። መረቁ ቅድም ካየችው ወፈር ያለ መሰላት። ኑድሉ ሩዝ አይደል፣ እሱ ነው ያወፈረው አለች። ደግሞስ ስንቱን ትጠራጠር? ዓመት ሙሉ ከሰው ማዕድ ተለይታ ጥግ ይዛ ስትበላ ኖራ፣ ዛሬ ባሏ በግራዋ፣ አማቷ በቀኟ፣ አንድ ዓይነት ምግብ እየበሉ ነው። ደስ አላት። ደስ ሲላት እንባዋ መጣ፤ እንፋሎቱ ነው እንዲሉላት ፊቷን ሳህኑ ላይ ደፋች። ግማሹን ጨረሰች።

«እሰይ! በላችልኝ!» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ። ድስቷንና ጭልፋውን ይዘው መጥተው አጠገቧ ቆሙ። «ድገሚ፤ አፈር ስሆን!»

«ጠግቤአለሁ እማማ፣ ይበቃኛል።»

«በሞቴ! የፍሮምሳ ውኃማ ውኃ ነው፤ አንጀት ላይ አይቆይም። ለዚህ ብዬ እኮ ነው ጠበቅ ያደረግኩልሽ። አይዞሽ፣ ስንዴ አይደለም፤ የስንዴ ሽታም አልነካው። የነገሳ የጓሮ ገብስ ነው። ቆልቼ፣ አስፈጭቼ፣ በወንፊት ነፍቼ ላንቺ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው።» ጎንበስ ብለው ጆሮዋ ላይ ጨመሩ፣ «አውቄአለሁ። ከበር ስትገቢ ነው ያወቅኩት። ነፍሰ ጡር በውኃ አትውልም።»

ያ የምታውቀው ጣዕም ከየት እንደሆነ ያን ጊዜ መጣላት። አጥሚት ነው። ሁለተኛውን ስታረግዝ ወይዘሮ አባይነሽ በየሳምንቱ በፔርሙስ እየሞሉ ወሰን ድረስ ይልኩላት የነበረው የገብስ አጥሚት። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ጠጥታዋለች።

የፍሮምሳ እንጨቶች አየር ላይ ቆሙ። «አዮ፣ ምን አደረግሽ?» አለ። ሚልኬሳ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።  የፈሩት ይደርሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ የባዕድ አገር ጠርሙስ ስትፈራ አድራ፣ የመጣባት ግን ከጓሮ ነው። አሁን ሆዷ ውስጥ ነው። ግማሽ ሳህን። ማውጣት አይቻልም። እጇ ወደ ሆዷ ሄደ፤ ይሰማኛል ብላ የጠበቀችው ነገር የለም፣ ገና ነው። ጭልፋው ሞልቶ ሳህኗ ላይ አንዣቧል።

ባሏን አየችው። አንተ ተናገር፤ አባትህ ናቸው፣ እናትህ ናቸው። ሚልኬሳ ቀና አለና «አዮ፣ ጠግባለች፣ ተያት» አለ። ይኸው ነው። ነገ አጥሚቱ በፔርሙስ ይመጣል፤ ከነገ ወዲያም ይመጣል፤ እሱ ተቀብሎ ቤት ያደርስና እሷ በድብቅ ትደፋዋለች። ወይም አንድ ቀን ደክሟት፣ አፍራ፣ ትጠጣዋለች። መደጋገሙ ነው የሚጎዳሽ ብሏታል።

መዳፏን ሳህኗ ላይ ዘረጋች። ወይዘሮ አባይነሽ ማዘንበል ጀምረው ነበርና ትኩሱ መረቅ እጇ ጀርባ ላይ ፈሰሰ። አልሸሸችም።

«እማማ፣ ገብስም አይሆነኝም።»

«ምን?»

«ስንዴ ብቻ አይደለም። ገብስም ያው ነው። ለልጁም አይሆነውም።»

አቶ ነገሳ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ገብስ?» አሉ። «ገብስ ለአራስ፣ ገብስ ለበሽተኛ የሚሰጥ እህል ነው። ገብስ የማይሆነው ሰው እኔ አልሰማሁም።»

«እኔም አልሰማሁም ነበር» አለች አምለሰት። ሐኪሙ ያላትን ሁሉ ነገረቻቸው፤ አንጀቷን፣ ደሟን፣ «ሊሆን ይችላል» ያላትን ሳይቀር። ልታስቀራት ፈልጋ ነበር፤ አፏ ግን አንዴ ከተከፈተ በኋላ አልዘጋ አለ።

አቶ ነገሳ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ ሚልኬሳ። «እርስዎን እንዳይከፋዎት ብዬ ነው አባባ።»

«እኔን እንዳይከፋኝ!» አሉ።

ወይዘሮ አባይነሽ ግን ጭልፋውን እንደያዙ ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ወራት የሚቆጥሩ ይመስላሉ።

«ይሄ በሽታ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለብሽ?»

«ያወቅነው ዓምና ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ከመቼ ጀምሮ ነው ያለብሽ?»

አምለሰት ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገባት። ሚልኬሳ በዓይኑ ለመናት፤ ዋሺ፣ በእናትሽ ዋሺ ይላታል። እሷም መዋሸት ትወድ ነበር። «ከድሮ ጀምሮ ነው ይላል ሐኪሙ» አለች በመጨረሻ። «ግን እማማ፣ እኔ ራሴ ያኔ ጠዋት ማታ ዳቦ እበላ ነበር። ማንም አላወቀም። እርግጠኛ ሆኖ የሚናገርም የለም።»

«በፔርሙስ የምልክልሽ ጊዜ» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ። «ሁሉንም ትጠጪው ነበር?»

«እጠጣው ነበር።»

ወይዘሮ አባይነሽ አረንጓዴዋን ድስት አንሥተው ወጡ። ከበረንዳው ላይ ሲደፉት በዝናቡ መሐል ተሰማ። ከዚያ ከጣራ የሚወርደው ውኃ ሥር እጃቸውን ሲያጥቡ በክፍቱ በር ታዩ፤ በሳሙና አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እስከ ክርናቸው፣ ጥፍራቸውን ሳይቀር እየፈገፈጉ። ፍሮምሳ ሊያስገባቸው ተነሥቶ ነበር፤ አቶ ነገሳ እጁን ይዘው አስቀመጡት።

ነጠላቸው ርሶ ተመለሱና አምለሰት አጠገብ ተቀመጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ያንን የሩዝ ቂጣ ሳቡና «የትኛው ነው የሚሆንሽ?» አሉ። «አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

አምለሰት ነገረቻቸው። ቂጣው ይሆናል። ቅጠሉ ይሆናል፣ ካሮቱ ይሆናል፣ ሶስ ሳይነካው ከትልቁ ድስት የወጣው ሥጋ ይሆናል። ጥቁሩ ሶስ አይሆንም፤ እሱ የነካው ማንኪያም አይሆንም። ወይዘሮ አባይነሽ ሶሱን አንሥተው ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ አኖሩት። ቂጣውን ውኃ ነከሩ፤ የመጀመሪያው እጃቸው ላይ ተቀደደ፣ ሁለተኛው ተጣበቀ። ሦስተኛውን ጠቅልለው ለጉርሻ እጃቸውን ወደ አፏ አነሡና መሐል ላይ ቆሙ። ቁጥር የሌለው ሰው ያጎረሰ እጅ ነው፤ እንዲህ ቆሞ አያውቅም። መልሰው ሳህኗ ላይ አስቀመጡት።

«አንቺ እይው መጀመሪያ» አሉ።

አምለሰት አላየችውም። የአማቷን እጅ ይዛ ከነጥቅሉ ወደ አፏ ወሰደችው።

አኝካ ዋጠችው። ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር።

«ቅድም የበላሽው መቼ ነው የሚያስታውቅሽ?» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ።

«አንዳንዴ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ አንዳንዴ እስከ ማታ። ነገ ጠዋት ሐኪሙ ጋ እሄዳለሁ።»

«እኔም እሄዳለሁ። እስከዚያ ከአጠገብሽ አልነሣም።» ሰዓቱን አዩ፤ ስምንት ተኩል ይላል። እርጥቡን እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁና ወደ አምለሰት ሆድ ዘረጉት፤ ሹራቧን ሳይነካ አየር ላይ ቀረ።

«ልጄ» አሉ። «እጄስ ይሆነዋል?»